የአላጋማል ልጅ

የአድዋ ጦርነት ካለፈ ስድስት ወር ያህል ሲሆነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ማዱራይ በምትባል የደቡብ ሕንድ ከተማ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉን ዘግቶ ከአጎቱ ቤት ወጣ። የወጣው ትምህርት ቤት አለኝ ብሎ ነው። ታላቅ ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያውን እንዲያደርስለት አምስት ሩፒ እንዲወስድ ነግሮት ነበርና፣ ከዚያ ላይ ሦስቱን ለባቡር ያዘ፤ ሁለቱን ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጋር ትቶ ሄደ።

ወረቀቷ አጭር ናት። አባቴን ፍለጋ፣ በእሱም ትእዛዝ ሄጃለሁ፤ የሄድሁበት ነገር መልካም ነውና ማንም አይዘንብኝ፤ እኔን ለመፈለግም ገንዘብ አይውጣ፤ ክፍያህ ገና አልተከፈለም፣ ሁለቱ ሩፒ ይኸው፤ የሚል ነው ፍሬ ነገሯ። የልጁ አባት ከሞቱ ያን ጊዜ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። «አባቴ» ያለው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን፣ አሩናቻላ የተባለውን የሺቫ ተራራ ነው።

ወረቀቷ ሌላም የምታስገርምበት ነገር አላት። መጀመሪያ ላይ ጸሐፊው ራሱን «እኔ» ይላል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ «እኔ» ቀርቶ «ይህ» ሆኗል። መጨረሻ ላይ፣ ስም በሚፈረምበት ቦታ፣ አንዲት ሰረዝ ብቻ ተጭራለች።

ይህ ልጅ ከጊዜ በኋላ ራማና ማሃርሺ ተብሎ ዓለም ያወቀው የሕንድ መምህር ነው። ታሪኩን የጻፉለት ሰዎች በዚያች ሰረዝ ይደነቃሉ፤ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ «እኔ» የሚለውን ጣለው ይላሉ። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታወሱኝ እናቱ ናቸው። ልጅ ሳይሰናበት ወጥቶ የቀረበት ቤት ምን እንደሚመስል ያገራችን ሰው ያውቀዋል። እንጀራው ተጋግሮ የአንዱ ድርሻ ሲተርፍ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብ ሲዘል፣ ይህን ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ የመምህሩን ሕይወትና ትምህርት ለአንባቢ ሳካፍል መንገዴን በእናትየው በኩል አደርጋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፎቁ ክፍል

ቬንካታራማን የተወለደው ዲሴምበር 30 ቀን 1879 ቲሩቹሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሱንዳራም አይየር በከተማይቱ ፍርድ ቤት የሚከራከሩ ጠበቃ ነበሩ፤ እናቱ አላጋማል ይባላሉ። ወገናቸው ከብራህሚኖቹ፣ ማለትም ከካህናቱ ዘር ነው። በ1892 አባት ሲሞቱ ቤቱ ተበተነ። እናት ታናናሾቹን ልጆች ይዘው አንድ ዘመድ ዘንድ ተጠጉ፤ ቬንካታራማንና ታላቅ ወንድሙ ናጋስዋሚ ደግሞ ማዱራይ ወዳለው አጎታቸው ቤት ገቡ።

ልጁ በአሜሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ኳስና ትግል ይወዳል፤ ጥናት ላይ እምብዛም ነው። እንቅልፉም የታወቀ ነበር፤ ጓደኞቹ ተኝቶ ሳለ ወዲያ ወዲህ ጎትተው ቢደበድቡት እንኳ አይነቃም። ከመንፈሳዊ መጻሕፍት ያነበበው ስለ ስልሳ ሦስት የሺቫ ቅዱሳን የሚያወራውን የታሚል ገድል ነው። የፍልስፍና መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም።

በጁላይ 1896 ግን በአጎቱ ቤት ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። የታመመበት ነገር አልነበረም። ወደ ሐኪም ልሩጥ፣ ሰው ልጥራ አላለም። ይልቁንም መሬት ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ፣ አካሉን አድርቆ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትንፋሹን ያዘና ራሱን ጠየቀ። ይህ አካል እነሆ ሞተ፤ ተሸክመው ይወስዱታል፤ ያቃጥሉታል። አካሉ ሲሞት ታዲያ «እኔ» የምለውም አብሮ ሞተ? ያን ጊዜ ያገኘውን መልስ ሲናገር፣ በሐሳብ የደረስሁበት አይደለም፣ በግልጽ ያየሁት እውነት ነው ይል ነበር። ከአካሉ ጋር የማይሞት አንድ ነገር አለ፤ እኔም እሱ ነኝ አለ። የሞት ፍርሃት ከዚያ ቀን ወዲያ አልተመለሰበትም።

ኳሱም፣ ጓደኛውም፣ የምግቡ ጣዕምም ቀረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 29 ቀን፣ ወንድሙ ተመስጦውን አይቶ፣ እንዲህ ለሚሆን ሰው ትምህርት ምን ያደርግለታል ብሎ ገሠጸው። ልጁ ተግሣጹን እንደ ምክር ተቀበለው። ወረቀቷን የጻፈው ያን ዕለት ነው።

ሁለት የለም

ልጁ በፎቁ ክፍል ያየው ነገር በሕንድ አገር የቆየ ስም አለው፤ አድቫይታ ይባላል። በሳንስክሪት «ድቫይታ» ሁለትነት ነው፤ ከፊቱ ያለችው «አ» በእኛ ግዕዝ «ኢ» እንደምታደርገው አፍራሽ ናት። ስለዚህ ቃሉ «ሁለት አይደለም» ማለት ነው። ሥሩ ጥንታውያኑ ኡፓኒሻዶች ናቸው፤ አሳምሮ ያደራጀው ደግሞ በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው የደቡብ ሕንዱ ሊቅ ሻንካራ ነው። በዚህ ትምህርት በሰው ውስጥ ያለው እውነተኛው ማንነትና የዓለም ሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን አንድ ናቸው። ብዙ ሆነን የምንታየው ባለማወቅ ነው። የታወቀው ምሳሌያቸው የገመዱ ነው፤ ሰው በምሽት መንገድ ላይ ገመድ አይቶ እባብ መስሎት ይደነግጣል። መብራት ሲመጣ እባቡ አይሞትም፣ አይሸሽም፤ መጀመሪያም አልነበረም።

ፈጣሪና ፍጡር ለየቅል ናቸው ብለን ላደግነው፣ ክርስቲያንም እንሁን እስላም፣ ይህ አባባል የሚያስበረግግ ነው። በሕንድ ራሷም ሁሉ አልተቀበለውም። ራማኑጃና ማድቫ የተባሉት ታላላቅ መምህራን ሻንካራን አጥብቀው ተከራክረውታል፤ አፍቃሪና ተፈቃሪ ሁለት ካልሆኑ ፍቅር ራሱ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ አለባቸው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የእናትየው ጥያቄም፣ በሊቃውንት ቋንቋ ባይነገርም፣ ከዚሁ የራቀ አይመስለኝም።

የወረቀቱ መልስ

ሦስቱ ሩፒ መንገዱን አላዳረሱም። ልጁ ከፊሉን በእግሩ ሄደ፤ የጆሮውን ወርቅ በአራት ሩፒ አስይዞ ባቡር ተሳፈረና ሴፕቴምበር 1 ቀን 1896 ቲሩቫናማላይ ገባ። የአሩናቻላ ተራራ ከዚያች ከተማ ራስጌ ላይ ነው። ወደ ታላቁ ቤተ መቅደስ ገብቶ መድረሱን ለአባቱ ነገረ። ከዚያ ራሱን ተላጨ፤ የዘሩ ምልክት የሆነውን ክር በጥሶ ጣለ፤ የቀረችውን ገንዘብም ወረወረ፤ መናገር አቆመ።

በቤተ መቅደሱ ዐውድ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ከምድር ቤት ካለ ጨለማ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። በዚያ ነፍሳትና ተባይ ጭኑን በልተው ቁስሉ ደምና መግል ሲያፈስ እሱ አያውቅም ነበር። ሼሻድሪ ስዋሚ የሚባሉ መናኝ አይተውት ኖሮ፣ ኋላ ሰዎች ተሸክመው አወጡት። የሚያጎርሰው ሰው ሲገኝ ይበላል፤ ካልተገኘ ይቀራል።

ቤተሰብ ያለበትን ያወቀው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መጀመሪያ አጎቱ መጥተው ለመኑት፤ ዝም አለ። በዲሴምበር 1898 እናቱ አላጋማል ከትልቁ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጃቸው ከአንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ተጠቅሏል፣ ጥፍሩ አድጓል፣ ገላው አድፏል። እናት ግን ወዲያው ለዩት። ለብዙ ቀናት ጣፋጭ እየሠሩ ተመላለሱ፤ አለቀሱ፤ ተቆጡ። ልጁ ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻ ከቆሙት ሰዎች አንዱ አዝኖ፣ መናገሩ ቢቀር እንኳ መልስህን ጻፍላቸው ብሎ ወረቀትና እርሳስ ሰጠው።

የጻፈው መልስ ዛሬም ይነበባል። እያንዳንዱ ሰው እንደ ቀድሞ ሥራው የተወሰነለት አለ፤ የማይሆን ነገር ቢደክሙለት አይሆንም፤ የሚሆን ነገር ቢከለክሉት አይቀርም፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል፤ ይህን የመሰለ ነው። «እናቴ» የሚል ቃል የለበትም። አላጋማል ወረቀቱን ሰምተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1900፣ ትልቁ ልጃቸው ናጋስዋሚ ሞተ።

እዚህ ላይ ደርሼ መጽሐፉን የዘጋሁበት ጊዜ ነበር። ሁሉም አንድ ነው የሚል ትምህርት እናትን በባዶ እጇ የሚሸኝ ከሆነ ምን ይረባል? ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

በዋሻው

ከ1899 ጀምሮ ወጣቱ መናኝ አሩናቻላ ላይ ቪሩፓክሻ በተባለ ዋሻ ኖረ። በ1901 ገደማ ሺቫፕራካሳም ፒላይ የሚባል፣ ፍልስፍና የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ዋሻው ወጥቶ «እኔ ማን ነኝ?» ሲል ጠየቀው። መልሱ በጣት አሸዋ ላይ እየተጻፈ ተሰጠ። ጠያቂው የገለበጠው ያ ጥያቄና መልስ በ1923 ታትሞ «ናን ያር» በሚለው የታሚል ርእሱ፣ ማለትም «እኔ ማን ነኝ» ተብሎ፣ በየቋንቋው ተተርጉሟል።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። ከሐሳብ ሁሉ በፊት የምትመጣው ሐሳብ «እኔ» የምትለዋ ናት። ተናደድሁ፣ ፈራሁ፣ ራበኝ ስንል ሁሉ መሠረቷ እሷ ናት። እንግዲህ ሐሳብ ሲመጣ ሐሳቡን አትከተለው፣ አትታገለውም፤ ይህ የመጣው ለማን ነው ብለህ ጠይቅ። ለእኔ ነው ትላለህ። ይህ «እኔ» ማን ነው? ከየት ይነሣል? እንዲህ እያልህ «እኔ»ን ወደ ምንጯ ስትከታተላት ትጠፋለች፤ የሚቀረው ያ ምንጭ ነው። ጥያቄዋም ራሷ አትተርፍም፤ የሬሳ እሳት የሚቆሰቆስባት እንጨት በመጨረሻ እዚያው እሳት ውስጥ እንደምትነድ ሁሉ። አእምሮን በአእምሮ ላጥፋ ማለት ግን ሌባውን ፖሊስ አድርጎ መሾም ነው፤ አብሮህ ይፈልጋል እንጂ ሌባው አይያዝም። ሲኒማ ቤት በስፋት ከመጣ በኋላ ደግሞ የሸራው ምሳሌ ተጨመረ፤ በፊልሙ ውስጥ ቤት ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢመጣ፣ ሸራው አይነድም፣ አይረጥብም።

በ1907 ጋናፓቲ ሻስትሪ የተባለ ታዋቂ የሳንስክሪት ባለቅኔ፣ ለዓመታት ጸሎት ሲደግምና ሲጾም ኖሮ ልቡ አላርፍ ያለው ሰው፣ ወደ ዋሻው ወጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ያገኘው መልስ ያው ነው፤ «እኔ» የምትለው ከየት እንደምትነሣ ተመልከት። ባለቅኔው በደስታ ለመናኙ አዲስ ስም አወጣለት። ቬንካታራማን የሚለውን ቆርጦ ራማና አለው፤ ማሃርሺ፣ ማለትም ታላቅ ባለ ራእይ፣ የሚለውን ጨመረበት። ሰውየው ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ለሊቅ «አንተ» ማለት ባማርኛ ይከብዳልና ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ።

ሽንኩርቷ

በ1914 አላጋማል ከሳላሚ ጉዞ ሲመለሱ ልጃቸውን ሊያዩ ቲሩቫናማላይ ጎራ አሉ። እዚያም ብርቱ ትኩሳት ያዛቸው። ማሃርሺ ከአጠገባቸው ሆነው አስታመሙ። ይህ ብቻ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ የማይሆነው አይሆንም፣ የሚሆነው አይቀርም ብለው የጻፉት ሰው፣ እናቴን አድንልኝ የሚል ግጥም ለተራራው ደረሱ። እናት ዳኑ።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይህን ከቀድሞው መልስ ጋር ለማስታረቅ ብዙ ይደክማሉ። እኔ ማስታረቅ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ወረቀቱን የጻፈው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ግጥሙን የደረሱት የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ትምህርቱ አንድ ነው። ሰውየው ግን በስለዋል።

በ1916 እናት ጠቅልለው መጡ። ማሃርሺም ከዋሻው ከፍ ብሎ ወዳለው፣ ስካንዳሽራም ወደሚባለው ቦታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ተዛወሩ። አላጋማል ማብሰል ጀመሩ፤ እስከዚያ ምእመናን ያመጡትን ብቻ ይበሉ የነበሩት መናኞች የጓዳ ሰው አገኙ። ታናሹ ልጃቸውም መንኖ ተከተላቸው። ይሁንና ኑሮው ለእናት ቀላል አልነበረም። ልጃቸው ለእሳቸው የተለየ ፊት አይሰጡም፤ ሴቶች ሁሉ እናቶቼ ናቸው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም ይሏቸው ነበር። አላጋማል የብራህሚን ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ያኛው ሰው ነካኝ፣ ይህ ምግብ አይበላም ይላሉ። ማሃርሺ ደግሞ ይቀልዱባቸዋል፤ እማ፣ ሽንኩርቷን ተጠንቀቂ፣ ከመንግሥተ ሰማያት የምታስቀር እሷ ናት! እያሉ። በዚህ ቀልድ ውስጥ ከብዙ ስብከት የበለጠ ትምህርት አለ።

ሜይ 19 ቀን 1922 አላጋማል ጣር ያዛቸው። ልጃቸው ከጠዋት እስከ ማታ ከአጠገባቸው አልተነሡም። ቀኝ እጃቸውን ከእናታቸው ደረት፣ ግራ እጃቸውን ከራሳቸው ላይ አድርገው፣ ነፍሳቸው እስክትወጣ ድረስ ዝም ብለው ቆዩ። ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ላይ አረፉ። ማሃርሺ ተነሥተው፣ እንብላ፣ የረከሰ ነገር የለም አሉ፤ በወጉ ግን ሬሳ ካለበት ቤት አይበላም። አስከሬኑም እንደ ሌላው አልተቃጠለም፤ እንደ ቅዱሳን ከተራራው ግርጌ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ማሃርሺ በየቀኑ ከተራራው እየወረዱ መቃብሩ ዘንድ ይቀመጡ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር አንድ ቀን ወርደው ሳይመለሱ ቀሩ። የማን ፈቃድ እዚህ አስቀረኝ እላለሁ ቢባሉ፣ ያው መጀመሪያ ከቤት ያወጣኝ ነው የሚል መንፈስ ነበረው መልሳቸው። ዛሬ ራማናሽራማም የሚባለው ገዳም በእናት መቃብር ዙሪያ የበቀለ ነው።

ጥርስና ምላስ

በ1924 ጁን ወር ሌሊት ሌቦች ገዳሙን ሰበሩ። ማሃርሺን ጭናቸውን በበትር መቷቸው፤ ካልበቃችሁ ሌላውንም ምቱ አሉ። አንድ ደቀ መዝሙር ብረት አንሥቶ ሊከላከል ሲል ከለከሉት። ጥርስ ምላስን ቢነክስ ጥርስ ይወለቃል? አሉት። ሁለት የለም የሚለው ትምህርት ኑሮ ላይ ሲወርድ ይህን ይመስላል።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወጥ ቤት ገብተው አትክልት ይከትፋሉ። ሌላው ያልደረሰው ምግብ ለእሳቸው ከቀረበ አይነኩትም። ላክሽሚ የተባለች ላም ከሞተች በኋላ እንደ ሰው ተቀብራ መታሰቢያ ተጽፎላታል። የሚመጣውን ሁሉ ሃይማኖትህን ለውጥ አይሉትም፤ ክርስቲያንም፣ እስላምም፣ አይሁዳዊም፣ ፓርሲም ከአጠገባቸው ይቀመጥ ነበር።

ዝናቸውን ወደ ምዕራቡ ዓለም ያወጣው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ፖል ብረንተን በ1934 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሶመርሴት ሞም በ1938 መጥቶ ጎብኝቷቸዋል፤ በ1944 ባሳተመው «ዘ ሬዘርስ ኤጅ» በተባለው ልቦለድ ያለውን ሕንዳዊ መምህር ከእሳቸው ነው የቀዳው። የሥነ ልቡናው ሊቅ ካርል ዩንግም ሃይንሪሽ ሲመር ስለ እሳቸው ላዘጋጀው መጽሐፍ መግቢያ ጽፏል።

ነቀፌታም አልታጣባቸውም። አገራቸው ለነፃነቷ ስትታገል፣ ሺህዎች ወኅኒ ሲወርዱ፣ እሳቸው ከተራራቸው ሥር ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ኋላ የሕንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ራጀንድራ ፕራሳድ በ1938 መጥተው ለጋንዲ መልእክት ቢጠይቋቸው፣ ልብ ለልብ ከተነጋገረ መልእክት ምን ያደርጋል አሉ። ዓለምን ከማረም በፊት ራስህን እወቅ የሚለው መልሳቸው ለራበው ሰው እንደሚያጠግብ እርግጠኛ አይደለሁም። የዘራቸውን ክር የጣሉት ሰው ገዳም ውስጥም ብራህሚኖች ምግብ የሚበሉት ከሌላው ተለይተው ነበር። እሳቸው ሁለቱንም ወገን ከሚያዩበት ቦታ ይቀመጡ ነበር፤ ወጉን ግን አላፈረሱትም። ይህን መደበቅ ታሪክ መጻፍ አይደለም።

ሰረዟ

በ1948 መጨረሻ ግራ ክንዳቸው ላይ ትንሽ እብጠት ታየች። ካንሰር ነበር። በ1949 አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ክንዱ ይቆረጥ ሲባል አልፈቀዱም። ሕመሙ አካሉን እንደሚያመው አልካዱም፤ የሚያለቅሱትን ግን ያጽናኑ ነበር፤ ይሄዳል ትላላችሁ፣ ወዴት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ ብለው።

ኤፕሪል 14 ቀን 1950፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ፣ ምእመናን ከደጅ ሆነው እሳቸው የደረሱትን የአሩናቻላን መዝሙር ሲዘምሩ፣ ከዓይናቸው እንባ ወርዶ አረፉ። ያን ሰዓት ተወርዋሪ ኮከብ በሰማይ ሲያልፍ ካዩት አንዱ በዚያ የነበረው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ነው። ማሃርሺ ቲሩቫናማላይ ከገቡ ከ53 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ከተራራውና ከግርጌው ከተማ አንድም ቀን ርቀው አልሄዱም።

ከማረፋቸው ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1949፣ በእናታቸው መቃብር ላይ የተሠራው ቤተ መቅደስ ተመርቆ ነበር። ስሙ ማትሩቡቴሽዋራ ነው፤ በእናት አምሳል የተገለጠ አምላክ ማለት ነው። የገዳሙ አስተዳደርም በ1938 በተጻፈው ኑዛዜ ለታናሽ ወንድማቸውና ከእሱ በኋላ ለተወላጆቹ ተላልፏል። ከቤተሰብ ሸሽቶ የወጣው ልጅ በመጨረሻ ቤተሰቡን ሁሉ ተራራው ሥር ሰበሰበ።

ስለ ትምህርቱ እውነትነት የምፈርድ ሰው አይደለሁም። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ሞክሬዋለሁ፤ እንደ ብዙ ሰው ከሁለተኛው እርምጃ አልፌ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል ብዬ አስባለሁ። በ1896 ወረቀት ላይ ስም ሳትጽፍ የቀረችው ሰረዝ የአላጋማልን ልጅ ከእናቱ የቆረጠች መስላ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ግን ያው ልጅ አንድ ሙሉ ቀን እጁን ከእናቱ ደረት ላይ ሳያነሣ ዋለ። ዛሬ ቲሩቫናማላይ የሚሄድ ሰው ሁለቱን መቃብሮች ጎን ለጎን ያገኛቸዋል።